ዕድሜ ልክ የሚያገለግል

እንኳን ደስ ያለን! ፍኖተ ሰላምም ባለ ማዕረግ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ደርሷታል። ሻጩ ከጃኬቱ የውስጥ ኪስ እያወጣ ያሳያል፤ ገላው ብረት ነው፣ ጫፉ ላይ ሰማያዊ መብራት ቦግ ይላል። «ኦርጅናል ነው፤ ዕድሜ ልክ ያገለግላል» ይላል። የማን ዕድሜ እንደሆነ ግን አላብራራም።

ጥንካሬውን የሚጠራጠር ካለ ነገሩ ቀላል ነው። ዕቃ የሚያረጀው ሲሠራ ነው። ይኼ ደግሞ መብራት ሲጠፋ ያርፋል፤ ፈሳሹ ሲያልቅ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ እስኪልክ ያርፋል። እንዲህ እያረፈ የሚኖር ምን ያስረጀዋል?

ጣዕሙ የማንጎ ነው። ገበያ ወርዶ ማንጎ መርጦ፣ ልጦ፣ እጅ አጨማልቆ መብላት የኋላ ቀር ልማድ ነው፤ የሠለጠነ ሰው ማንጎን በሳንባው ይበላል። ቡሬዎችም በርበሬያቸውን በፈሳሽ መልክ እንደሚያቀርቡልን ተስፋ አለን፤ ማስሳሉን እንደሆነ ድሮም ያውቁበታል።

ዋስትናውማ አይነሣ! የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ማስመጣትም መሸጥም ከልክሏል። ስለዚህ ዕቃው አልገባም፤ ያልገባ አይሸጥም፤ ያልተሸጠ ደግሞ «ተበላሸ» ተብሎ አይመለስም። በሕግ የሌለ ነገር እንዴት ይሰበራል? በአገር ከዚህ የሚጠነክር ዕቃ ከየት ይመጣል?

ዋጋው ግን አለ። እሱንም በጥሬ ብር ብቻ ነው የሚቀበሉት።