እያበሩ ማሳሳት

አዲስ አበባ ውስጥ መኪና የገዛ ሰው ሊብሬውን በስሙ ካዞረ፣ ቦሎውን ከለጠፈ በኋላ አንድ ነገር ይቀረዋል፤ በዋክስ ጉዳይ አቋም መያዝ። እዚህ ላይ መሃል ሰፋሪነት አይፈቀድም። ከካርናውባ ወገን የቆመው የብራዚልን ሰሜን ምሥራቅ እንደ ትውልድ ቀዬው ይጠራል፤ ከዚያ አገር ዘንባባ ቅጠል ላይ የሚራገፈው ሰም ከተፈጥሮ ሰሞች ሁሉ ጠንካራው እንደሆነ፣ ሙቀቱ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካላለፈ እንደማይቀልጥ ያስረዳል። ልክ ነው። ይኸው ሰም ከረሜላና የመድኃኒት እንክብል የሚወለወልበት መሆኑም ልክ ነው፤ ይህን ግን ሲያነሳው አይሰማም። የሴራሚክ ንጣፍ ወገን በበኩሉ «9ኤች» የተጻፈበትን ትንሽ ጠርሙስ ያወጣና ክርክሩን ሊዘጋ ይሞክራል። 9ኤች ሲባል ከአልማዝ አንድ ደረጃ ብቻ ዝቅ ያለ ነገር ይመስላል፤ ሻጩም እንዲመስል ይተወዋል። መለኪያው ግን የእርሳስ ነው። በጥንካሬያቸው የተደረደሩ እርሳሶች ንጣፉን እንዲጭሩት ይደረጋል፤ በዚያ መለኪያ የመጨረሻው ጠንካራ እርሳስ 9ኤች ይባላል፣ እሱ ካልጫረው ንጣፉ ፈተናውን አለፈ። ባለመኪናው እንግዲህ ብዙ ሺህ ብር ከፍሎ ኮፈኑን ከሥዕል ተማሪዎች ታድጎታል። ስለ አቧራ ጠርሙሱ ምንም አይልም።

አለማለቱም ይበጀዋል። ከግንባታ አሸዋና ከድንጋይ የሚነሳው ብናኝ እንደ ፌልድስፓርና ኳርትዝ ያሉ ማዕድናትን ይይዛል፤ እነዚህ ደግሞ የማዕድናት ጥንካሬ በሚለካበት፣ ከ1 እስከ 10 በሚዘልቀው የሞህስ ሚዛን 6 እና 7 ያገኛሉ። ከቀለሙ በላይ የሚነጠፈው ቀለም የለሽ ልባስ፣ ክሊር የሚባለው፣ ከእነሱ ጋር የሚገዳደርበት አቅም የለውም። ከፋብሪካ ሲወጣ ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ነው፤ ቢበዛ የሚሊ ሜትር አንድ ሃያኛ ማለት ነው። አሁን በየግቢው ጠዋት ጠዋት የሚካሄደውን እንይ። ኮፈኑ ላይ አቧራ አድሯል። ከወንበር ሥር ጨርቅ ይወጣል፤ ትናንት ቼርኬ የተጠረገበት፣ ከትናንት ወዲያ ዘይት የተለካበት፣ መሬት ወድቆ ተራግፎ የተነሳ ጨርቅ። ውሃ አልነካውም። አቧራው ለሁሉም ቦታ እኩል እንዲዳረስ የተፈለገ ይመስል፣ በዚያ ጨርቅ ክብ ክብ እየተደረገ ይፈገፈጋል። ኮፈኑ ያበራል። ፀሐይ በጎን ስትመታው ደግሞ የሸረሪት ድር የመሰሉ ጭረቶች ብቅ ይላሉ። ባለቤቱ ጨርቁን እያጣጠፈ የሚደርስበት መደምደሚያ አንድ ነው፦ ዋክሱ አልተስማማውም፣ ሌላ ይሞከር።

ሌላው እስኪገኝ ፖሊሽ ይደረጋል። ብዙ ሰው ዋክስና ፖሊሽን የአንድ ዕቃ ሁለት ስም አድርጎ ይጠራቸዋል፤ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። ዋክስ ላዩ ላይ ይቀመጣል። ፖሊሽ ደቃቅ መፋቂያ አለበት፤ ጭረቱን የሚያጠፋው በመሙላት ሳይሆን በዙሪያው ያለውን ክሊር እስከ ጭረቱ ወለል ድረስ ፍቆ በማውረድ ነው። ክሊር ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም። ማሽኑ ባለፈበት ቁጥር የተወሰነ ይሄዳል፤ ጠርዝና ማዕዘን ላይ ያለው ቀድሞ ያልቃል። በጨርቅ ይጫራል፣ በፖሊሽ ይፋቃል፣ በዋክስ ይሸፈናል፣ በማግስቱ እንደገና በጨርቅ ይጫራል። መኪናውን አጥብቆ የሚጠላ ሰው እንኳ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አያገኝም፤ ይህን የሚያደርገው ግን የሚወዳት ነው፣ በዚያ ላይ ከፍሎ።

«ታዲያ ለፀሐይስ?» ይባላል። ተገቢ ጥያቄ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ የአልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ቀለምን የሚያገረጣውም እሱ ነው። ሆኖም ጨረሩን የሚመክቱት ኬሚካሎች በዋናነት ያሉት ክሊሩ ውስጥ ነው፤ ማለትም ተፍቆ በሄደው ውስጥ። በምትኩ የተቀባው ሰም በሳምንታት ውስጥ ይሳሳል፤ በዱቄት ሳሙና ከታጠበማ ዕድሜው ከዚያም ያጥራል። ዋክስ ውሃ እንደሚያንከባልል፣ የወፍ ኩስ ቀለሙን ቶሎ እንዳይበላው እንደሚያግዝ መካድ አይቻልም፤ ይህን ግን ርካሹም ያደርገዋል። «የመሸጫ ዋጋ ያስጠብቃል» የሚለው ይብሳል። ገዢ ይዞት የሚመጣው ደላላ ማብረቅረቅ አይቶ የሚደነግጥ ሰው አይደለም። ፓራፋንጎውን በጣቱ አንጓ ያንኳኳል፤ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ ያለበት ላሜራ ድምፁ ይደፈናል። ስንት ዓመት የሠራች ቪትዝ ከመጠን በላይ ስታበራ ካየ ደግሞ የሚጠይቀው ስለ ዋክሱ አይደለም፤ «የት ተገጭታ ነው?» ይላል።

ጠንካራው ተቃውሞ የውሃ እጥረት ነው። ጨርቅ ሳይነካው በፊት አቧራውን በብዙ ውሃ ማውረድ፣ ጥላ ሥር በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ማጠብ፣ ከዚያ የተገኘውን ዋክስ ስስ አድርጎ መቀባት፤ ዘዴው ይኸው ነው፣ ምርጫ ስለሌለበት ለክርክር አይመችም እንጂ። ነገር ግን ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ በጀሪካን የተጠራቀመውን ኮፈን ላይ የሚደፋ ሰው ከሚስቱም ከጎረቤቱም ይጣላል፤ እነሱም እውነት አላቸው። እንደዚያ ከሆነ አቧራውን እዚያው መተው ነው። ያልተፈገፈገ አቧራ ብዙም አይጭርም፤ የሚጭረው እጅ ነው። የሰፈር ልጆች በጣታቸው «እጠቡኝ» ብለው ሊጽፉበት ይችላሉ፤ የኋላ መስታወቱ ላይ እስከሆነ ድረስ ይጻፉ፣ መስታወት ክሊር የለውም።