ሰላምታ እየሰጡ ስለ መሮጥ

በወላይታ ሶዶ ከተማ ዕድሜው ከኀምሳ ያለፈ፣ ልጅ የዳረ፣ በዕድር ስሙ የሚጠራ ሰው በማለዳ ሲሮጥ ቢታይ፣ ሕዝቡ በመጀመሪያ የሚመለከተው ሯጩን ሳይሆን ከሯጩ በስተኋላ ያለውን ነው፤ አሳዳጅ መኖር አለበትና። አሳዳጅ የታጣ እንደ ሆነ ደግሞ ከፊቱ ያለው ይመረመራል፤ ሊያመልጠው የተቃረበ የአዲስ አበባ አውቶቡስ፣ የተቃጠለ ቤት ወይም ድንገት የተሰማ መርዶ ይፈለጋል። ከእነዚህ አንዱም ሳይገኝ ሲቀር፣ «ሐኪም አዝዞት ይሆናል» ተብሎ ከንፈር ይመጠጥለታል። እኔም በእውነት ሐኪም ያዘዘኝ ነኝና በከንፈር መጠጣው ቅር አልሰኝም።

ሐኪሙ ያዘዘልኝ ነገር ግን እንዲሁ «ሩጥ» የሚል አልነበረም፤ «እየሮጥህ ማውራት እስከምትችልበት ድረስ ብቻ ሩጥ፤ ማውራት ሲያቅትህ ቀስ በል» የሚል ነበር። ይህንን መለኪያ በዓለም ያሉ ብዙ የሩጫ አሠልጣኞች እንደ ቀኖና እንደሚይዙት ኋላ ተረዳሁ። ለሶዶ ሰው ግን አዲስ ትምህርት አይደለም። በእኛ አገር አንድን ሽማግሌ በመንገድ አግኝቶ በወላይትኛ ሰላምታ «ሳሮ» ሳይሉ ማለፍ ከነውሮች ሁሉ የከፋ ነውር ሲሆን፣ «ሳሮ» ካሉም በኋላ ስለ አዳራቸው፣ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ከብታቸው፣ ስለ ታመመው ጎረቤትና ስለ ዘገየው ዝናብ ጠይቆ፣ ተጠይቆም በተራ መመለስ ግዴታ ነውና፣ የሰላምታውን ሥርዓት ሳያጓድል መንገዱን የሚቀጥል ሰው ልቡ ከልክ በላይ እንዳልዘለለች በዚያው ይታወቃል። «ልጆቹስ?» ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ለመጨረስ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ግን፣ ሰዓት ቢይዝም ባይዝም፣ ከልኩ በላይ ፈጥኗል።

ቀስ ማለት ለምን እንደሚጠቅም ስጠይቅ የተነገረኝ ምክንያት ደስ የሚያሰኝ ነው። በዝግታ ረዥም መንገድ የሚሮጥ ሰው በጡንቻው ውስጥ ረቂቃን የደም ሥሮች ይበዙለታል፤ ሰውነቱም ስብን እያነደደ መጓዝን ስለሚለምድ በጡንቻና በጉበት የተከማቸውን ስኳር ይቆጥባል። ይህ ስኳር በማራቶን ከ30ኛው ኪሎ ሜትር ወዲያ የሚሟጠጥበት ሯጭ፣ ቀድሞ የናቃቸው ሁሉ ሲያልፉት በዐይኑ ያያል። ሌላም አለ፤ ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንታት ልምምድ ሲበረቱ ጅማትና አጥንት ግን ብዙ ወራት ይፈልጋሉ። በአንድ ጓሮ በቆሎና እንሰት የተከለ የወላይታ ገበሬ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ በቆሎው በዚያው ክረምት ሲደርስ እንሰቱ ዓመታት ያስቆጥራል። በቆሎው ደረሰ ብሎ እንሰቱን የሚነቅል ባይኖርም፣ ትንፋሹ ስለ ተስተካከለለት ብቻ ርቀቱን በአንድ ጊዜ እጥፍ አድርጎ ጉልበቱን የሚጎዳ ግን ብዙ ነው።

የመንገድ ምርጫም ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ከሶዶ ወደ ሁምቦ የሚወስደው መንገድ ወደ ስምጥ ሸለቆው ቁልቁል ስለሚወርድ ጀማሪውን ያታልላል፤ ሰውዬው እግሩ እየቀለለው፣ ራሱን ከነኃይሌ ገብረ ሥላሴ ጋር እየቆጠረ ይወርድና፣ መመለሻው ዳገት መሆኑን ያስተዋለ ዕለት በባጃጅ ይመለሳል። የባጃጅ ነጂዎቻችንም ይህን ስለሚያውቁ፣ ቁልቁል የሚሮጥ ጎልማሳ ባዩ ቁጥር ፍጥነታቸውን ቀንሰው በትዕግሥት ይከተሉታል። በዳሞታ ተራራ በኩል የሚወጣ ሰው በአንጻሩ መከራውን በመጀመሪያ ተቀብሎ፣ ዕረፍቱን ለመመለሻ ያቆያል።

ዳሞታን ካነሣሁ ዘንድ፣ ስለ ጽናት የሚናገር ሰው በዚህ አገር አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ሳያነሣ ማለፍ አይቻለውም። በዳሞት ምድር እንደ ሰበኩ ትውፊት የሚመሰክርላቸው፣ በወላይታም ደብረ መንክራት በስማቸው የሚጠራላቸው እኚህ ጻድቅ፣ ሰባት ዓመት በአንድ እግራቸው ቆመው እንደ ጸለዩ ገድላቸው ይናገራል። ጎረቤቴ ጡረተኛው የጂኦግራፊ መምህር ይህን ጠቅሰው፣ «በሁለት እግር እየተንቀሳቀሱ ደከመኝ ማለት በዚህ አገር ድፍረት ነው» ይላሉ። ሌሊቱን ሙሉ መቋሚያ ተደግፈው ማኅሌት የሚቆሙ ሊቃውንትም፣ ዜማው በዝግታ ተጀምሮ እየደመቀ እንዲሄድ ማድረጋቸው፣ ኃይልን ከፋፍሎ ስለ መጠቀም ከማንኛውም የስፖርት መጽሐፍ ይልቅ እንዳስተማረኝ እመሰክራለሁ።

እኚሁ መምህር ግን ስለ አበበ ቢቂላ ያላቸው አሳብ ሊታረም የሚገባው ነው። አበበ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲሱ ዓመት ዋዜማ፣ በሮም አደባባይ ከአክሱም ሐውልት አጠገብ ተፎካካሪውን ጥሎ፣ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የፈጸመው በባዶ እግሩ ነበርና፣ መምህሩ የድሉ ምሥጢር ጫማ ማውለቅ ነው ብለው ደምድመው፣ አንድ ማለዳ በኮሮኮንቹ መንገድ ላይ ባዶ እግራቸውን ተነሡ። የጎረቤቶቻችን አጥር ሳያልቅ ተመልሰው፣ ጠጠሩን እየረገሙ ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አበበ በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ገና ሁለት ወር ሳይሞላው፣ ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ እንደ ገባ፣ ከድሉም በስተጀርባ በክቡር ዘበኛ ከስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ጋር ያሳለፋቸው የልምምድ ዓመታት እንደ ነበሩ ብነግራቸው፣ «እንኪያስ ጫማው ያን ያህል አልጎዳውም» ብለው ጫማቸውን አስመጡ።

ስለ ተነሣሽነት ብዙ ይጻፋል፤ ግብህን ወስን፣ ሕልምህን በግድግዳ ላይ ለጥፍ ይባላል። ሕልሜ በብርድ ሌሊት ከብርድ ልብሴ ጋር ተከራክሮ የረታበትን ጊዜ ግን አላስታውስም። እኔን የሚያስነሣኝ ይሉኝታ ነው። መምህሩ ከንጋቱ 12 ሰዓት ሳይሞላ በሬን አንኳኩተው፣ ከዳሞታ የሚወርደው ጉም እያለበሳቸው ደጅ ይቆማሉ፤ በዕድሜ የሚበልጠኝን ሰው በብርድ አቁሞ መተኛት ደግሞ ከቤተሰቤም ከሰፈሬም የሚያስወቅስ ነው። እሳቸውም በበኩላቸው የሚመጡት እኔ እንዳልታዘባቸው ፈርተው መሆኑን ባለቤታቸው ለባለቤቴ ነግረዋታል። ስመ ጥር ሯጮቻችንም ብቻቸውን ከመሮጥ ይልቅ በቡድን ተሰልፈው፣ አንዱ የሌላውን እርምጃ እየተከተለ መለማመድን የሚመርጡት፣ ምንም እንኳ በእነርሱ ዘንድ ሌላ ክቡር ስም ቢኖረው፣ ከዚህ የራቀ አይመስለኝም።

የከተማችን ፍቅር ለእግር ኳስ ማድላቱን አልክድም። ወላይታ ድቻ በ2010 ዓ.ም. የካይሮውን ዛማሌክ በፍጹም ቅጣት ምት ከአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ያስወጣበትን ቀን መምህሩ ሲተርኩ ዳገቱ ሳይታወቀን ያልቃል፤ ጨዋታው ወደ መለያ ምት በደረሰበት ቦታ ላይ ግን ሁልጊዜ ቆመው በእግራቸው ማሳየት ስለሚሹ፣ ያተረፍነውን ጊዜ መልሰን እናጣዋለን።

አሁን ዓላማችን ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ የሚካሄደው የ10 ኪሎ ሜትሩ ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ነው። የአዲስ አበባ ከፍታ ከሶዶ ስለሚበልጥ አየሩ እንደሚሳሳብን መምህሩ በካርታ አስረድተውኛል፤ ስለዚህም በሩጫው ዋዜማ የምንበላውን ስኳር ድንችና ቦዬ ከዚሁ ቋጥረን እንሂድ ብለዋል። እኔን ያሳሰበኝ ግን አየሩ ሳይሆን ሰላምታው ነው፤ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በሚሮጥበት ጎዳና ሽማግሌ ሁሉ «ሳሮ» ሲባል የሚውል ከሆነ መቼ እንደርሳለን ብዬ ብጠይቃቸው፣ መምህሩ ጥቂት አስበው፣ «ካናቴራውን የሚሰጡት ከሩጫው በፊት ነው አይደል?» አሉኝ። «ከሩጫው በፊት ነው፣ መምህር» አልኋቸው። «እንግዲያው ምን ያስቸኩለናል?» አሉኝ።