ረቂቅ ትምህርተ ንግድ

የሎንዶን መኳንንት በ2014 እ.ኤ.አ. ስኮትላንድ ከእነርሱ ብትለይ ከአውሮፓ ኅብረትም እንደምትወጣ በአባታዊ ርኅራኄ ገሥጸው፣ ከመቶ መራጭ 55ቱ ምክራቸውን ሰምቶ ከቀረ በኋላ፣ በ2016 ከመቶ 62ቱ በኅብረቱ እንኑር ቢልም እነሆ ይዘውት ወጡ። ከትልቅ ገበያ መለየት ለኤድንብራ ኵነኔ፣ ለሎንዶን ጽድቅ የመሆኑ ምሥጢር እጅግ ረቂቅ ነው፤ የኤድንብራ ነጻነት ፈላጊዎችም መልካም ደቀ መዛሙርት ናቸውና፣ ከብራስልስ መፋታት ያደኸያል ብለው ባዘኑበት አንደበት፣ ከአገራቸው ውጭ ከሚሸጡት ከግማሽ በላይ ከሚገዛቸው ጎረቤት መፋታት ያበለጽጋል ይላሉ። ሁለቱ ወገኖች ስብከታቸውን ቢዋዋሱ የከተሞቹን ስም መፋቅ ብቻ ይበቃል። በ2022 የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስኮትላንድ ያለ ሎንዶን ፈቃድ ሕዝበ ውሳኔ ማካሄድ አትችልም ሲል በየነ፤ ሎንዶን ግን ከኅብረቱ መውጣቷን ለማስታወቅ በ2017 የበቃት አንድ ደብዳቤ ነበር።