ደሞዜ በኻሞን

እናቴ ደሞዙን ሳትጠይቅ የመረቀችው ሥራ የለም። ደብረ ማርቆስ እንግሊዝኛ ማስተማር ስጀምር ጠይቃለች፤ ለንደን መጥቼ አውቶቡስ መንዳት ስጀምርም ጠይቃለች። ባለፈው ጥቅምት ደውዬ «እማዬ፣ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ስፔን አገር አንድ ሳምንት እንግሊዝኛ ላስተምር ነው» ስላት እንደ ልማዷ፣

«ደሞዙ ስንት ነው?» አለች።

«ደሞዝ የለውም። መኝታና ምግብ ይሰጡኛል።»

መስመሩ የተቋረጠ እስኪመስለኝ ዝም አለች። ከዚያ፣ «እንግዲህ በስተርጅና የቆሎ ተማሪ ሆንክ በለኛ» አለችኝ። «ለውሻው ዱላ ያዝ።»

ባለቤቴ ዱላ እንኳ አልመከረችኝም። «በየወሩ ኪራይ የምንከፍልበት አልጋ እዚህ ተነጥፎ፣ አንተ ለመኝታ ልትሠራ ባሕር ትሻገራለህ?» አለችና ወደ ሥራዋ ሄደች። እውነቷን ነው። ግን አሥራ አንድ ዓመት ጠመኔ የያዘ እጅ መሪ ሲጨብጥ አንድ ነገር ይጎድለዋል። ከተሳፋሪ ጋር በቀን የማወራው እንግሊዝኛ ተጠራቅሞ አንድ «ሶሪ» አይሞላም። የሚያዳምጠኝ ሰው አማረኝ፣ በቃ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስፔኖች ትምህርት ቤት ሳሉ እንግሊዝኛ ይማራሉ፤ ሰዋስው ያውቃሉ፤ ሊናገሩ ሲሉ ግን አፋቸው ይያዛል። ይህ በሽታ ለእኛ አገር ሰው አዲስ አይደለም። ታዲያ መድኃኒቱን የሚሸጡ ድርጅቶች አሉ። ከከተማ ራቅ ያለ ሆቴል ይይዙና ግማሹን አልጋ በስፔኖች፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ ተናጋሪ በጎ ፈቃደኞች ይሞሉታል። ስፔኑ ይከፍላል። በጎ ፈቃደኛው እስከ ማድሪድ የአውሮፕላኑን ራሱ ይችላል፤ ከዚያ ወዲያ መጓጓዣውም፣ መብሉም፣ መኝታውም በነፃ ነው። የሚጠበቅበት ማውራት ብቻ ነው፤ ቁርስ ላይ፣ መንገድ ላይ፣ ምሳ ላይ፣ እራት ላይ፣ ከእራትም በኋላ። መጽሐፍ የለም፤ ሰሌዳ የለም፤ ስፓኒሽ መናገር ክልክል ነው። እኛ ሰፈር ይህን ሥራ ያለ መኝታና ያለ ምግብ ዕድሜ ልካቸውን የሠሩ ስንት ሰዎች አውቃለሁ!

ማመልከቻው ላይ አንዲት ጥያቄ አስቸገረችኝ። «እንግሊዝኛ አፍ መፍቻህ ነው?» ትላለች። አፌ የተፈታው በአማርኛ ነው። በእንግሊዝኛማ የታሰረ ነው፤ ያውም ሂትሮው፣ የኢሚግሬሽኑ መስኮት ፊት። ስለዚህ ሳልዋሽ ታሪኬን ጻፍኩላቸው። ታላቅ ወንድሜን ያስተማሩት የፒስ ኮር አሜሪካኖች ስለነበሩ እስከ ዛሬ በአፍንጫው ነው የሚናገረው። እኔን ያስተማሩኝ ከሕንድ፣ ከኬራላ የመጡ መምህር ናቸው። እሳቸው ዘንድ አንዲትም ፊደል ሥራ ፈትታ አትቀመጥም። ረቡዕን «ዌድ-ነስ-ዴይ» እያሉ ዲዋን በጥርሳቸው ይነክሷታል፤ «ታዲያ ልትተኛ ነው የተጻፈችው?» ይሉናል። ይህን ሁሉ ጻፍኩ። ማንኛውንም ዓይነት አነጋገር እንቀበላለን፣ ና፣ የሚል መልስ መጣልኝ።

የወሰዱን ላ አልቤርካ ወደምትባል መንደር ነው፤ ከማድሪድ በስተምዕራብ፣ ሳላማንካ አውራጃ ውስጥ፣ ከሦስት ሰዓት በላይ በአውቶቡስ። ተራራው ላይ መንገዱ በተጠማዘዘ ቁጥር እኔ ከተቀመጥኩበት ፍሬን እረግጥ ነበር፤ የሙያ በሽታ ነው። መንደሯ በእነሱ አቆጣጠር በ1940 ከስፔን መንደሮች ሁሉ ቀድማ በታሪካዊ ቅርስነት የተመዘገበች ናት። ቤቶቹ ከታች ድንጋይ፣ ከላይ እንጨትና ጭቃ ናቸው፤ በየበሩ ጉበን ላይ መስቀልና ዓመተ ምሕረት ተቀርጿል። ሲመሽ አንዲት ሴት ቃጭል እያቃጨለች ለሙታን ነፍስ እየጸለየች በየመንገዱ ትዞራለች። ጎጃም የገባሁ መስሎኝ ልቤ ደስ አላት።

ደስታው እስከ እራት ቆየ። ስፔን እራት የሚቀርበው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው፤ እስከዚያ የሰው ሆድ ብቻውን ብዙ ይናገራል። ደሞዜን ያየሁትም ያኔ ነው፤ ከጣሪያው ላይ ሰኮናው ሳይወልቅ ተንጠልጥሏል። ኻሞን ይሉታል። የአሳማ ጭን በጨው ታሽቶ፣ ወራት አንዳንዴም ዓመታት በነፋስ ሲደርቅ ነው። ቋንጣ ነው ብዬ ራሴን ላጽናና ሞክሬ ነበር፤ የኛ ቋንጣ ግን ቁልቁል አያይህም። በዚሁ አውራጃ ያለችው ጊኹዌሎ በኻሞኗ ስሟ የገነነ ከተማ ናት። እንግዲህ ከዓለም አገሮች ሁሉ ደሞዝ በአሳማ የሚከፈልበትን አውራጃ መርጬ የተቀጠርኩ ክርስቲያን እኔ ነኝ።

በማግስቱ ጠዋት የመጀመሪያ ተማሪዬ ደረሰኝ፤ የቫላዶሊድ ሰው፣ ለንደን ውስጥ ደንበኞች ያሉት ኢንጂነር። እየተራመድን እናውራ ብለን ወጣን። ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ስንደርስ ቃጭል ሰማሁ። ቅዳሴ መስሎኝ ቆሜ አማተብኩ። ከጥጉ ብቅ ያለው፣ አንገቱ ላይ ቃጭል ያሰረ አሳማ ነው።

ኢንጂነሩ በተሰባበረ እንግሊዝኛ አስረዳኝ። ይህ የሳን አንቶን አሳማ ነው። በየዓመቱ ሰኔ፣ በእነሱ በ13ኛው ቀን፣ ይባረክና መንደር ውስጥ ይለቀቃል። የማንም አይደለም፤ የሁሉም ነው። ያገኘው ሁሉ ያበላዋል፤ ሲመሽ ደስ ባለው ደጃፍ ይተኛል። ሳሰላው ውላችን አንድ ነው፤ መኝታና ምግብ፣ ደሞዝ የለም። እሱማ ማውራትም አይጠበቅበትም። «የሱ ውል መቼ ያልቃል?» አልኩት። «ጃንዋሪ 17። ዕጣ ይወጣበታል» አለኝ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ የኔን ውል ደግሜ ሳላነብ አልተኛሁም።

ሳን አንቶን ማለት ደግሞ ሌላ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ እኛ ጥር 22 የምናስባቸው የመነኮሳት አባት አባ እንጦንስ ናቸው። ምዕራባውያን ሥዕላቸው ላይ ከእግራቸው ሥር አሳማ ያስቀምጣሉ። ይህን ለእናቴ በስልክ ስነግራት፣ «የትኛው እንጦንስ?» አለች። «የኛው» አልኳት። «ልጄ፣ ዝጋውና ጸልይ» ብላ ዘጋችብኝ።

ኢንጂነሩ ኢትዮጵያዊ ሰው በነፃ ሊያስተምረው መምጣቱ አልዋጥለት ብሎ ምክንያቱን ጠየቀኝ። ብድር ልመልስ ነው አልኩት። የእናንተው አገር ሰው ፔድሮ ፓኤዝ የሚባል ኢየሱሳዊ ቄስ በእናንተ አቆጣጠር በ1603 እኛ ዘንድ ገብቶ ፍሬሞና ላይ ልጆች አስተምሯል፤ አፄ ሱስንዮስ ጎርጎራ ላይ መቀመጫ ሰጡት፤ በ1618 ግሽ ዓባይን አይቶ ጽፏል፤ በ1622 ጎርጎራ ላይ ሞተ። ብቻ የፓኤዝ ትምህርት መዘዙ ከበድ ይላል። ንጉሡ ካቶሊክ ሆኑ፣ ወገን ከወገን ተዋጋ፣ በ1632 ሃይማኖቱን መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። የኔ ፕረዘንት ፐርፌክት እስከ ዛሬ ማንንም ከዙፋኑ አላወረደም። ኢንጂነሩ ስሙን ሰምቶት አያውቅም ነበር፤ ደብተሩ ላይ ጻፈና «ይቅርታ» አለኝ። ተቀበልኩት።

ስለ ማስተማሩ ልናገር። ስፔን ሰው ከተነባቢ በፊት የመጣችን «ስ» ያለ ምርኩዝ አያነሳትም፤ «ኤስኩል»፣ «ኤስቶፕ» ይላል። አስተባባሪዋ ይህን በጥብቅ አርሙ አለችን። የምታዘው «እስፖርት»፣ «እስቶቭ»፣ «እስታዲየም» ሲል ያደገውን ሰው ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ሁለታችን «ስ... ስ... ስ...» ስንል ለሚያልፍ ሰው ጎማ የሚተነፍስ መኪና እንመስል ነበር። በአንጻሩ «ኝ» እና «ኸ» እናቴ ቤት የነበሩ ፊደሎች ስለሆኑ ኤስፓኛንም ኻሞንንም እንደ አገሬው የጠራሁት ከበጎ ፈቃደኞቹ ሁሉ እኔ ብቻ ነበርኩ። ምን ያደርጋል፣ ስፓኒሽ ክልክል ነው።

ከእኛ ጋር አንዲት የግላስጎው ጡረተኛ ነርስ ነበሩ። አፋቸው በእንግሊዝኛ የተፈታ፣ ተረበኛ፣ ደግ ሴት። ግን የሚሉትን የሚሰማቸው አልነበረም፤ እኔም ስንት ዓመት ለንደን ኖሬ በግምት ነበር የምስቀው። ስፔኖቹ ቀስ በቀስ ወደ እኔ መሰለፍ ጀመሩ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የኔ ፊደሎች ሁሉም ሥራ ላይ ናቸው። በሦስተኛው ቀን ሆቴሉ በሙሉ «ዌድ-ነስ-ዴይ» ይል ጀመር። ነርሷ በግርምት ያዩኝና ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ኬራላ ያሉት መምህሬ በሕይወት ካሉ ይህን ቢሰሙ በወደድኩ።

አንድ ጠዋት ኢንጂነሩ አፍንጫው ቀልቶ መጣና «አይ አም ኮንስቲፔትድ» አለኝ። ሰው እንዲህ ያለ ምስጢር ሲያካፍል አይሳቅም። የእናቴን መድኃኒት ነገርኩት፤ ተልባ፣ ማታ ተዘፍዝፎ፣ ጠዋት በባዶ ሆድ። ከመንደሩ ሱቅ ፍሬውን አገኘን፤ እንደ ወጉ አዘጋጅቼ በማግስቱ ጠዋት ሁለት ብርጭቆ አጠጣሁት። ምሳ ላይ አልታየም። እራት ላይም አልታየም። በኋላ አንዲት ፋርማሲስት ተማሪ እንባዋ እስኪወርድ እየሳቀች ነገረችኝ፤ «ኮንስቲፓዶ» በእነሱ ቋንቋ ጉንፋን የያዘው ማለት ነው። ጉንፋኑ እንዳለ ቀረ። ሌላው ሁሉ ግን ወጥቶለታል።

ዌድነስዴይ ደረሰ። ጾም ነው። አስተናጋጁ የምሳው ምስር መሆኑን ሲናገር ወንበሬን ሳብኩ። የሳላማንካ የአርሙኛ ምስር ስመ ጥር ነው፤ እኔም እሑድ ማታ ከገባሁ ጀምሮ ዳቦና ወይራ ዘይት ስገምጥ ነው የሰነበትኩት። በማንኪያ አንዴ ባማስለው ከሥር ቀይ ክብ ነገር ተንሳፍፎ መጣ። ሥጋ አለበት አልኩ። አስተናጋጁ ተቆጣ፤ «ሥጋ አይደለም፣ ቾሪዞ ነው!» አለ። የአሳማ ቋሊማ ነው። ምስሩ ተመልሶ ሰላጣ መጣልኝ፤ ሰላጣው ላይ ቱና አለ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን የአገራችንን ክርክር እዚያ ጠረጴዛ ላይ ብቻዬን ከሁለቱም ወገን ሆኜ ተከራከርኩ። ውጤቱን ለንስሐ አባቴ ነግሬያለሁ።

ከሁሉም የተዋጣልኝ የስልክ ትምህርት ነው። ተማሪው ክፍሉ ይሆናል፣ አንተ ሌላ ክፍል ሆነህ ትደውልለታለህ፤ ፊት ሳያይ ማውራት እንዲለምድ። ሃያ ደቂቃ ነው የተሰጠን። ለኢንጂነሩ ደወልኩና «ሃሎ» አልኩ። «እንደምን አደርክ? ደህና ነህ? ሰላም ነህ? ቤተሰብ ደህና? እናትህ ደህና ናቸው? ልጆች? ሥራ? ጤናህስ?» እሱ በተራው እንዲጠይቀኝ አደረግኩ። እናቴን ሳንጨርስ ሃያው ደቂቃ አለቀ። ሥራ የሚባል ነገር ሳይነሳ ስልክ ዘጋን። እኔ ደግሞ ስስማማ፣ እንደ ማናችንም፣ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ «አ!» እላለሁ፤ መቼ እንደምለው እንኳ አላውቀውም። ኢንጂነሩ ግን ያዳምጥ ኖሯል፤ ዓርብ ስንሰናበት በየዓረፍተ ነገሩ መካከል እንደ ጎጃም ሰው ትንፋሹን ይስብ ነበር። እንግሊዝኛ መስሎታል። ላርመው አልኩና፣ የሳምንት ድካሜ ፍሬ ይህ ብቻ ከሆነስ ብዬ ተውኩት።

ጥር ውስጥ ደብዳቤ ጻፈልኝ። ከለንደን ደንበኞቹ ጋር በስልክ ስብሰባ አድርጓል። እናቱ ደህና መሆናቸውን ሦስት ጊዜ የተጠየቀው ደንበኛ መጀመሪያ ደንግጦ፣ በኋላ ግን ስለ እናቱ የጉልበት ሕመም ሩብ ሰዓት አጫውቶታል፤ ውሉም ተፈርሟል። ሲጨርሱ ደንበኛው በትሕትና አስም እንዳለበት ጠይቆታል።

ከግርጌው ስለ አሳማው ጽፎልኛል። ጃንዋሪ 17 ዕጣው ወጥቷል። ኢንጂነሩ በኔ ስም ሁለት ትኬት ቆርጦ ነበር፤ እግዜር ይስጠውና አልወጣልንም። እናቴ ይህን አልሰማችም፤ እናንተም እንዳትነግሩብኝ።