ወፋችሁ የታለች?

አጎቴን ሌባ ብዬ ይዣቸዋለሁ። ወሬው አገሬ ከላላ ከእኔ በፊት ስለሚደርስ፣ ከሰው አፍ ከምትሰሙት ከራሴ ብትሰሙት ይሻላል። በገበያ ቀን የሚወራው ደግሞ ብዙ ተጨምሮበታል። በጥፊ አልመታኋቸውም፤ ካቴናም አልነበረኝም። የነበረኝ ፊሽካ ነው፤ እሷም በሰዓቱ አልነፋ አለችኝ።

ጊዜው 2009 ነው፤ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ዛሬ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ግቢ ከፍቶ፣ ምደባ የቀናው የእኛ አገር ልጅ የእናቱ ቡና ሳይበርድ ይደርሳል። ያኔ ግን ለከላላ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ደረሰው ማለት ስንቁን ተሸክሞ አገር ለቀቀ ማለት ነበር። የተመደብኩበትን ግቢ ስም ልተወው። ደጋ ነው። ከመሸ በኋላ ጉም በአጥሩ እየዘለለ ይገባበታል፤ ጉም መታወቂያ አይጠየቅም።

በዚያ ዓመት ሌባ ገባብን። መጀመሪያ መስኮት ላይ የተሰጣ ጫማ ሄደ። ቀጥሎ ቻርጅ ላይ የተሰካ ሞባይል። መጨረሻ ላይ የአንድ ተመራቂ ላፕቶፕ ከነመመረቂያ ጽሑፉ ጠፋና ልጁ ዶርሙ ደጃፍ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀመጠ፤ እኛም ሐዘን እንደምንደርስ እየመጣን «እግዜር ያጽናህ» አልነው። ከዚያ ጥርጣሬው ተጀመረ። ፕሮክተሩ ተማሪውን፣ ተማሪው ጥበቃውን፣ ጥበቃዎቹ ደግሞ ጽዳቶቹን ጠረጠሩ። ስብሰባ ተጠራ፤ ከስብሰባው ኮሚቴ ተወለደ። እኔ እጄን ያወጣሁት ለግቢው ሰላም ተጨንቄ ቢመስላችሁ ደስ ይለኝ ነበር። ማታ ለሚዞሩ አባላት ሻይ በዳቦ አለ ተብሎ ነው።

ግማሽ ቀን ሥልጠና ሰጡን። አሠልጣኙ አንድ ኢንስፔክተር ነበሩ፤ ርዕሱ «ማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊሲንግ»። ሮበርት ፒል የሚባል ሰው በ1829 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የለንደንን ፖሊስ እንዳቋቋመ፣ ፖሊስ ከሕዝቡ የወጣ የሕዝቡ አካል ነው የሚለው ሐሳብም በስሙ እንደሚጠራ ነገሩን። በእኛም ክልል በየቀበሌው ፖሊስ የሚመደበው ለዚሁ ነው አሉ፤ ቤቱን፣ ሰዉን፣ ጠቡን እንዲያውቅ። ጥሩ አስተማሪ ነበሩ፤ አሁን ሳስበው እንዲያውም በጣም ጥሩ። ግን እሳቸው «መተዋወቅ» ሲሉ እኛ ኋላ ከተደረደረው አንጸባራቂ ሰደርያ የትኛው በልካችን እንደሚሆን በዓይናችን እየመረጥን ነበር። ጥያቄ ያለው ሲባል አንዱ ተነስቶ «ሻዩ ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው?» አለ።

አሁን ወደ አጎቴ።

አጎቴ ከከላላ ተነስተው ሦስት መኪና ቀያይረው፣ የመጨረሻውን በእህል ጫኝ አይሱዙ ተሳፍረው፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት በሩ ላይ ደረሱ። እንግዳ ከ12 ሰዓት በኋላ አይገባም፤ ሕጉ በሩ ላይ በትልቁ ተጽፏል። በሩ ላይ የነበሩት ደግሞ ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ ጥበቃ ናቸው። የእኛ አገር ሰው የሚጠይቀውን ጠየቁ፤ አገርህ የት ነው፣ ከላላ የት፣ የማን ልጅ ነህ፣ እናትህስ የማን ናት። አራተኛው ጥያቄ ላይ የአጎቴ አማችና የጋሼ የክርስትና አባት መካነ ሰላም ገበያ በቅሎ የተሻሻጡ ሰዎች ሆነው ተገኙ። እኔንም ጋሼ ያውቁኛል፤ «ያ ከላላው፣ ብሎክ ሦስት፣ ስኳር ሳይጨምር የሚጠጣው» ብለው። (ስኳር የማልጨምረው ወድጄ አይደለም፤ ሻይ ሻጯ ያለ ስኳር 50 ሳንቲም ትቀንስልኝ ነበር።) ስለዚህ አስገቧቸው። ሲያስገቧቸውም መከሯቸው።

«በመብራቱ በኩል እንዳትሄድ፤ በጀርባ አጥሩን ተከትለህ ዝለቅ። ኮሚቴ የሚባሉ ልጆች አሉ፤ እንዳያገኙህ።»

ይህን የሰማሁት በማግስቱ ነው።

እኔና ጓደኛዬ በጀርባ በኩል እየዞርን ነበር። በጉሙ ውስጥ አንድ ሰው አየን። ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቧል፤ በትከሻው ከረጢት፣ በእጁ ሽመል ይዟል፤ አጥር አጥሩን ይሄዳል። ሥልጠናው ላይ «አጠራጣሪ እንቅስቃሴ» የተባለው ከዚህ ወዲያ ምን ሊሆን ነው? ፊሽካዬን ነፋሁ። በውስጧ ያለችው ፍሬ በብርዱ ተጣብቃ ነው መሰል አየር ብቻ ወጣ። ሰውየው ግን ኮቴያችንን ሰምተው ሮጡ። ለካ እሳቸው ደግሞ በጨለማ ሰው ሲከተላቸው ዘራፊ መስለናቸው ነው። እኛ «ሌባ! ሌባ!» እያልን እንሮጣለን፤ እሳቸው ከፊታችን «ሌባ! ሌባ!» እያሉ ይሮጣሉ። ግቢው በሁለት ወገን የሌባ ጩኸት ተናጋ። የውኃ ቦይ ውስጥ አብረን ወደቅን፤ ከረጢቱ ተፈታና ዳቦ ቆሎ እንደ በረዶ ዘነበብኝ።

ዶርሞቹ ተከፈቱ። የሰማንያና የመቶ ወጣት ጩኸት በሌሊት ምን እንደሚመስል የሰማ ያውቀዋል። አንዱ ድንጋይ ይዟል፤ አንዱ የአልጋ ብረት። የጫማውም፣ የሞባይሉም፣ የመመረቂያ ጽሑፉም ቂም በዚያች ቦይ አፋፍ ላይ ተሰበሰበ። «በለው!» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። ያኔ ከቦዩ ውስጥ አንድ ድምፅ ወጣ፦

«በነቢ! እኔ እንግዳ ነኝ! ልጄን ብዬ ነው!»

ድምፁን አወቅሁት። በልጅነቴ ከብት ስጠብቅ ከማዶ ይጠራኝ የነበረ ድምፅ ነው።

ዝም አልኩ።

ይህን ነው እስከ ዛሬ ለማንም አሳምሬ መናገር ያልቻልኩት። እስከ አሥር የሚያስቆጥር ዝምታ ነበር። ሰደርያዬን ለብሻለሁ፤ መቶ ሰው ያየኛል፤ «ሌባው አጎቴ ናቸው» የሚለው አረፍተ ነገር አፌ ላይ መጥቶ ቀረ። ፈራሁ፤ አፈርኩም። በዚያ መሐል ጋሼ ደረሱ። እንዴት እንደሮጡ አላውቅም፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ሰዉን በክርናቸው እየከፈሉ ገብተው ካፖርታቸውን አወለቁና አጎቴ ትከሻ ላይ ጣሉት።

«ይሄ የኔ እንግዳ ነው። የሚመታው ካለ እኔን ይምታ።»

ድንጋይ የያዘው ልጅ ድንጋዩን ወደ ኋላው ደበቀ። ጋሼ ያውቁታል፤ የአባቱን ስም ጠርተው «አንተም?» አሉት። ከዚያ በጎኑ ያለውንም በስሙ፣ ቀጥሎ ያለውንም። ስሙ የተጠራ ሁሉ ወደ ኋላ እያለ ክቡ ሰፋ። መጨረሻ ላይ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ እንግዳህን አታውቀውም?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር፤ ግን ኮሚቴ ፎርም አለው። ጸሐፊያችን የሕግ ተማሪ ነበር፤ ፎርሙ ካልተሞላ ተጠርጣሪ አይለቀቅም አለ። አጎቴን ጥበቃ ቤት አስቀምጠን መሙላት ጀመርን። አንደኛው ሣጥን «ተጠርጣሪውን የያዘው አባል ከተጠርጣሪው ጋር ያለው ዝምድና» ይላል። «የወንድም ልጅ» ብዬ ጻፍኩ። ጸሐፊው ሲያነበው ብዕሩን አስቀመጠና ዘመዱን የያዘ አባል ቃል መስጠት ይችላል ወይስ አይችልም የሚል ክርክር ተነሳ። እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት። አጎቴ እሳት እየሞቁ፣ የጋሼን ቡና እየጠጡ ሲሰሙን ቆዩና «እሺ፣ ወፋችሁ የታለች?» አሉ።

ማንም አልገባውም። እኔ ትንሽ ገባኝ። ድሮ በእኛ አገር ከብት ሲሰረቅ ወይም ጎተራ ሲቃጠል አውጫጭኝ ይጠራ ነበር፤ አፈርሳታ የሚሉትም አሉ። የአካባቢው ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው እስኪታወቅ መበተን የለም፤ የቀረ ይቀጣል። የሚያውቅ ሰው የሚናገረው በስሙ ሳይሆን «ወፍ አየች» ተብሎ ነው። ካልተገኘ አገሩ አዋጥቶ ይክሳል። አጎቴ ይህን ከአባታቸው ነው የሰሙት። እኔ አሠራሩን ላሞግሰው አልነሳም፤ ወፏ ቂም ያላት እንደሆነ ንጹሕ ሰው ይጠፋል፤ ድሃው ደግሞ ላልሰረቀው ይከፍላል። የአጎቴ ጥያቄ ግን ትክክል ነበር። ሰደርያ አለን፣ ባትሪ አለን፣ ፎርም አለን፤ የሚያውቅ ሰው ግን ከመካከላችን የለም።

ሲነጋ ፎርሙ ሳያልቅ ጋሼ በራሳቸው ሥልጣን አጎቴን ለቀቋቸው። ዶርም ይዣቸው ስገባ ቁም ሣጥኔ ተሰብሯል፤ ላፕቶፔ የለም። እኛ በጩኸት ዶርሙን ባዶ ስናደርገው ሌባው ተረጋግቶ ሠርቷል። አጎቴ ሣጥኑን አዩ፣ እኔን አዩ። «አብሽር» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም። የተረፈውን ዳቦ ቆሎ ሰጥተውኝ፣ የጭቃውን ለራሳቸው ይዘው ሄዱ።

ላፕቶፑ በሦስተኛው ቀን ተገኘ። ያገኘችው ሻይ ሻጯ ናት። ሁልጊዜ በዱቤ የሚጠጣ አንድ ልጅ ያለበትን በሙሉ በአንድ ቀን ከፍሎ፣ የላፕቶፕ የይለፍ ቃል የሚከፍት ጥገና ቤት የት እንዳለ ጠየቃት። ጋሼ በየጠዋቱ እሷ ዘንድ ነው የሚጠጡት፤ ነገረቻቸው። ልጁ ከእኛ ሁለት በር አልፎ የሚያድር ነበር። ለዲሲፕሊን ኮሚቴ ቀረበ፤ አንድ ዓመት ታገደ። ያ ዘመን ሰው በአንድ ለአምስት ተደራጅቶ እርስ በርሱ የሚጠባበቅበት ዘመን ነበርና፣ ስለ ጆሮና ስለ ወሬ ስናገር የሚጎመዝዘው አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። እኔንም ይጎመዝዘኛል። ሻይ ሻጯ ግን ማንንም እንድትከታተል አልተመደበችም፤ ሪፖርትም አልጻፈችም። ደንበኛዋን ታውቃለች፣ በቃ።

በኋላ፣ ከተመረቅሁ ወዲያ፣ የአሜሪካው የዬል ዩኒቨርሲቲ ታሪክ እጄ ገባ። በዚያ አገር የመጀመሪያው የግቢ ፖሊስ የቆመው እዚያ ነው፤ በ1894 እንደ እነሱ አቆጣጠር። ዩኒቨርሲቲው ያለበት የኒው ሄቨን ከተማ ሰው የሕክምና ተማሪዎች ለትምህርት ብለው መቃብር እየቆፈሩ ሬሳ ይሰርቃሉ ብሎ ተነስቶባቸው ነበር። ከተማና ግቢ ተፋጀ። ቢል ዋይዘርና ጂም ዶኔሊ የተባሉ ሁለት የከተማ ፖሊሶች ግቢው ውስጥ ተመደቡ። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ጠሏቸው፤ እየቆዩ ግን ንብረታቸውን የሚጠብቁላቸው እነሱ መሆናቸውን አዩና ለመዷቸው። ሳነበው ጋሼ ከነካፖርታቸው ታዩኝ።

የእኛ አገር የግቢና የመሣሪያ ታሪክ እንዲህ አያስቅም። በታኅሣሥ 1962 የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ተገደለ፤ በማግስቱ ክቡር ዘበኛ ስድስት ኪሎ ግቢ ገብቶ ተማሪ ላይ ተኮሰ። በሚያዝያ 1993 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከጠየቋቸው ነገሮች አንዱ የታጠቀ ፖሊስ ከግቢ ይውጣልን የሚል ነበር፤ ብጥብጡ ከተማ ወጥቶ ብዙ ሰው ሞተ። በ2012 ደግሞ ግቢዎች ሲታመሱ፣ ልጅ በሬሳ ሣጥን ሲመለስ፣ ፌዴራል ፖሊስ ወደየዩኒቨርሲቲው ገባ፤ ወላጅም እሰይ አለ። ፖሊሱ ይውጣ ያለውንም ይግባ ያለውንም አልፈርድበትም፤ ሁለቱም የሞተበት ሰው ነበረው።

በዚያው በ2012 የአጎቴ የመጨረሻ ልጅ መካነ ሰላም ግቢ ደረሳት። ተማሪውም ወላጁም የሰላም ውል የሚፈርምበት ዓመት ነበር። አጎቴ እንዳነብላቸው ጠሩኝ። ያን ጊዜ ታርቀን ነበር፤ በእኛ አገር ደም ሲፈስ አበጋር የሚባል አስታራቂ ሽማግሌ ይጠራል፤ የእኔ ጉዳይ ለዚያ ስላልበቃ ሦስት ጎረቤት ተቀምጠው በቡናና በዱዓ ጨርሰውታል። አንድ ጠቦት ከፈልኩ። ሽማግሌዎቹ ስለ መያዜ ምንም አላሉም፤ «በጨለማ ነው» አሉ። ጠቦቱን ያስከፈሉኝ ለዝምታው ነው።

ውሉን እስከ መጨረሻው አነበብኩላቸው። ልጅቷ ንብረት እንዳታጠፋ፣ ረብሻ እንዳትገባ፣ ወላጅም እንዲመክር ይላል። አጎቴ አዳመጡና «በሩ ላይ ያለው ማን እንደሆነ አይልም?» አሉ። አይልም አልኩ። አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ፈረሙ፤ በሳምንቱ ልጅቷን ሊያደርሱ ሲሄዱ ግቢው በር ላይ ከአንዱ ጥበቃ ጋር ቁጭ ብለው የማን ልጅ እንደሆነ ሲጠይቁት ዋሉ።

ከዚያ ወዲህ ስንቋን የላኩት በመኪና ነው። ለሾፌሩ ከረጢቱን ሲያስረክቡ ቆሜ ሰምቻለሁ፦ «በሩ ላይ ላለው ሰውዬ ስጥልኝ፤ ስሙን ነግሬሃለሁ። ለተማሪ እንዳትሰጥ።»