ቀጭን መርፌ፣ ወፍራም ወሬ

«0.15 ካልሆነ ኤርብረሽ አልገዛም!» አልከኝ፣ ወንድሜ። ግዛ፣ ማን ያዘህ! ግን እጅህን ወደ ኪስህ ከመስደድህ በፊት አንድ ነገር መልስልኝ፤ ያ ቁጥር የምን ልክ ነው? የምታሰምረው መስመር ውፍረት ከመሰለህ፣ አይደለም። ቀለሙ የሚወጣበት የኖዝሉ ቀዳዳ ስፋት ነው፣ በሚሊሜትር። ከዚያ የወጣ ቀለም ሞዴሉ ላይ እስኪያርፍ መንገድ ላይ ይበተናል። ምን ያህል እንደሚበተን የሚወስኑት የቀለሙ ቅጥነት፣ የንፋሱ ግፊት፣ የእጅህ ርቀትና ቃታውን የምትስብበት ልክ ናቸው። እነዚህን የያዘ ሰው በ0.3 ኖዝል የአንድ ሚሊሜትር መስመር ያሰምራል። እነዚህን የጣለ ሰው በ0.15 ቀለም ይረጫል።

«የኔ ሥራ ጥቃቅን ነው እኮ!»

ስንት ነው ጥቃቅኑ? እንለካዋ! የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሜሰርሽሚት 109 ጎኑ ላይ ያለውን ግራጫ ነጠብጣብ ታውቃለህ፤ ሞዴል ሠሪው ሁሉ ቀጭን ኖዝል የሚያማርጠው ለሱ ነው። እውነተኛው አውሮፕላን ላይ 30 ሴንቲሜትር የነበረች ነጠብጣብ 1/72 ሞዴል ላይ 4 ሚሊሜትር ገደማ ትሆናለች፣ 1/48 ላይ ደግሞ 6 ከሩብ። ለአራት ሚሊሜትር ነጠብጣብ ጥሩ 0.3 ይበቃታል። ከፈለግህ ግን ኤርብረሽ የሚፈትን ሥራ ልንገርህ፦ ሰሜን አፍሪካ ላይ የበረረው የጣሊያኑ ማኪ 202። በአሸዋ መልክ ላይ ክብ ክብ እየሠራ የሚዞር አረንጓዴ መስመር አለው። 10 ሴንቲሜትሩ መስመር 1/72 ላይ ወደ 1.4 ሚሊሜትር ይወርዳል፤ እሱም ሳይቆራረጥ፣ ሳያብጥ፣ ክቡን ጨርሶ መነሻው ላይ መግጠም አለበት። እዚህ ላይ 0.2 ገንዘቡን ያወጣል፤ ይህን አልክድህም።

«ቀለሙ ለኤርብረሽ ተብሎ የተዘጋጀ ነው፣ ለምን አቀጥነዋለሁ?» አልሽኝ፣ እህቴ። ለየትኛው ኤርብረሽ? ጠርሙስ ላይ የተጻፈው ለሰፊ ኖዝል ይሠራል። ወደ 0.2 ስትወርጂ ውሃ እንደገባበት ወተት የኩባያውን ጎን አጥቦ መውረድ አለበት። ቀለሙ ሲቀጥን ግፊቱንም ታወርጃለሽ፦ ከ0.7 እስከ 1 ባር፤ አፍንጫውንም ወደ አንድ ሴንቲሜትር ታቀርቢያለሽ። በሁለት ባር አንድ ሴንቲሜትር ላይ ከተጠጋሽ ቀጭኑ ቀለም የሸረሪት እግር አውጥቶ ይሮጣል። መጥኖ መደቆስ የተባለው ለዚህም ነው!

«ደግሞ ሁለት ደቂቃ ቀብቼ ይደፈናል!» ይደፈናል እንጂ! በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ኖዝሉ ውስጥ ባለው መርፌ ጫፍ ላይ ይደርቃል። ጠጋ ብለሽ እዪው፦ መርፌው ጫፍ ላይ የምትቀመጥ ደቃቅ የቀለም ፍርፋሪ አለች። መጀመሪያ መስመርሽን ታጣምማለች፤ ቀጥሎ ጥይት ሆና ክንፉ ላይ ታርፋለች። መድረቁን የሚያዘገይ ፈሳሽ ጠብ አድርጊበት፣ በቲነር የራሰ የጆሮ ጥጥ አጠገብሽ አኑሪ፣ ጫፉን ቶሎ ቶሎ ጥረጊ። እንደ ሚስተር ከለር ያለ ሌከር ቀለም በቀጭን ኖዝል ውስጥ ከውሃው አክሪሊክ በጣም ይሻላል፤ እኔ ለማኪው የምመርጠው እሱን ነው።

«መስኮት ከፍቼ እቀባለሁ» አትበይኝ ግን! መስኮት ለሌከር መልስ አይሆንም። ጭሱን ጠርጎ ወደ ውጭ የሚያወጣ ማራገቢያና የኦርጋኒክ ጋዝ ማጣሪያ ያለው ማስክ ያስፈልጋል። ለአፍና አፍንጫ የምንጠቀመው ተራ ጨርቅ አቧራ ይይዝ እንደሆነ እንጂ የሟሟውን እንፋሎት አይይዝም። ስለ ሞዴሉ ጠርዝ ይህን ያህል ተጨንቀን ስለ ሳንባ ዝም ማለት አይሆንልኝም።

ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ «የጃፓኑን ያዝ፣ የጀርመኑን ተወው» ይላሉ። አክባሪዎ ነኝ፤ ግን ተወው የሚባል አይደለም። የኢዋታ ከስተም ማይክሮን፣ 0.18ም ይሁን 0.23፣ እንደ እርሳስ የሚታዘዝ ነው፤ ቃታው ገና ሲነካ ቀለሙ ይጀምራል። ሃምቡርግ አጠገብ የሚሠራው የሃርደር ኤንድ ሽቴንቤክ ኢንፊኒቲ ግን ሌላ ጸጋ አለው። ኖዝሉ በጥርስ አይታሰርም፤ ተሰክቶ ጭንቅላቱ ይይዘዋል፣ ያለ ቁልፍ ይፈታል። ኋላው ላይ ቃታው ከዚህ አይለፍ ብለው የሚወስኑበት ማቆሚያ አለው፤ እጅ ሲደክም እሱ ይሸከማል። ከ0.15 ጋር 0.4 ኖዝል አብሮ የሚሸጥበትም አለ። የኢዋታውን ኤች.ፒ.-ቢ ፕላስ ኖዝል ግን ጤፍ በምታክል ጥርስ ያስሩታል፤ ትንሽ ከጠበቀ ጥርሱ ቤቱ ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል። በየቀኑ ፈትቶ ለሚያጥብ ሰው እኔ ጀርመኑን እሰጠዋለሁ። ፊትና ዓይን ለሚስል፣ እጁ ለረጋ፣ ማይክሮኑን። እርስዎ እጅዎ የረጋ ስለሆነ ነው የፈረዱበት!

«ለሁለቱም አቅም የለኝም» ለሚል ደግሞ የጂ.ኤስ.አይ ክሬዎስ ፒ.ኤስ-270 አለ። 0.2 ነው፣ ኩባያው 10 ሲሲ ይይዛል፣ የንፋስ ማስተካከያውም እዚያው አካሉ ላይ ነው። አንድ ኤርብረሽ ብቻ ግዛ ብባል የምገዛው ይህን ነው።

«እኔስ 0.2 በሩብ ዋጋ አገኘሁ፤ ቁጥሩ አንድ አይደል?» ቁጥሩ አንድ ነው፣ መርፌው አንድ አይደለም። መርፌው ኖዝሉ መሐል ካልቆመ ቀለሙ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፤ ጫፉ በደንብ ካልተወለወለ ቀለም ይይዛል። ፈትሸው፦ መርፌውን መስታወት ላይ አንከባለው፤ ጫፉ እየዘለለ ከሄደ ጎባጣ ነው። ከዚያ የቀጠነ ጥቁር ቀለም ነጭ ወረቀት ላይ አንዴ ነካ አድርግ፤ ነጥቧ ክብ ናት ወይስ ጅራት አላት? ጅራት ካላት ለመሠረት ቅብና ለቫርኒሽ አድርገው፤ በዚያ ሥራ ያገለግልሃል።

«አዲስ ዓይነት ኤርብረሽ እስኪወጣ ልጠብቅ» ያልከኝም አለህ። ስንት ዘመን? ቀለሙንና ንፋሱን ጭንቅላቱ ውስጥ የሚያገናኘውን አሠራር ቻርልስ በርዲክ ያመጣው በ1890ዎቹ ነው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር። ከዚያ ወዲህ የተጨመረው በአመዛኙ የአሠራር ጥራት ነው። የምትጠብቅበትን ጊዜ ወረቀት ላይ ከቀጭን ወደ ወፍራም፣ ከወፍራም ወደ ቀጭን መስመር ብትስብበት ይሻልሃል።

የምትቆጥበው ገንዘብ ካለህ ደግሞ ታንክ ያለው ኮምፕሬሰር ላይ አውለው። ታንክ የሌለው ፒስተን ንፋሱን እየቆራረጠ ነው የሚልከው፤ ወፍራም ቅብ ላይ አይታይም፣ የማኪው ክብ ላይ ግን መስመሩን መቁጠሪያ ያስመስለዋል። የውሃ ማጥመጃም ይኑረው፤ ከቱቦው የመጣች አንዲት የውሃ ጠብታ የሰዓታት ሥራ ታበላሻለች። ማይክሮን ይዞ ግፊት መቆጣጠሪያ የሌለው ኮምፕሬሰር ላይ መሰካት ገንዘቡንም መሣሪያውንም መበደል ነው።

«መርፌዬ ወድቆ ጫፉ ቆለመመ፤ አቀናሁት፤ ይበቃል?»

ለመሠረት ቅብ ይበቃል። ለአንድ ሚሊሜትር መስመር አይበቃም፤ በዓይን ቀና ያልከው ጫፍ ቀለሙን አሁንም ወደ ጎን ይስባል። አዲስ እዘዝ፣ ኖዝሉንም አብረህ እዘዝ፤ የቆለመመ መርፌ ወደ ኋላ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ኖዝሉን ጭሮት ነው። አዲሱን ስታስገባ ከኋላ በቀስታ ላከው፤ ሲነካ አቁም። ገፋ ያደረግከው እንደሆነ የ0.2 ኖዝል አፉ ይከፈታል፣ ከዚያም እንደገና ማዘዝ ነው።