የወይዘሮ መሳለም አጭር የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ መሳለም ከአባታቸው ከቄስ መስቀልና ከእናታቸው ከምእመን ግንባር ተወለዱ። የተወለዱበትን ዓመት የሚያስታውስ በሕይወት የለም። ዕድሜያቸውን ሙሉ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በታክሲ ተራ፣ በለቅሶ ድንኳንና በሠርግ ቤት ያለ ደመወዝ አገልግለዋል። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ሲነገር በጠና ታመሙ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ፤ መጨባበጥም ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብም ተከለከለ። እሳቸውም በአገር ውስጥና በውጭ አገር ሕክምና ሳይረዱ አረፉ ተባለ።

ከኀዘንተኞቹ መካከል ፊት የተቀመጡት መምሬ ናቸው። ስማቸውን መጥራት አያስፈልግም፤ እንዲህ ያለ መምሬ በየሰፈሩ አለ። ጉልበታቸው ቅዳሴ መቆም ስላቃተው በጡረታ ተገልለዋል፤ ሰዓታቱንም ማኅሌቱንም ለወጣቶቹ ትተዋል። የቀረቻቸው ሥራ አንዲት ነበረች፦ ጠዋት ደጅ ተሳልመው ሲመለሱ የሩብ ሰዓቱን መንገድ በአንድ ሰዓት መጨረስ። ባለሱቁ፣ ሊስትሮው፣ ወፍጮ ቤት የምትሄደው ልጅ «አባቴ ይፍቱኝ» ብለው ያስቆሟቸዋል። መምሬ ከጋቢያቸው ሥር የእንጨት መስቀላቸውን ያወጣሉ፤ ላዩን ግንባር፣ ታቹን ከንፈር አስነክተው «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ይላሉ። የመስቀሉ ግርጌ ከንፈር ስለበዛበት እንደ ተወለወለ ቀንድ ያበራል።

ወረርሽኙ የገባው በዐቢይ ጾም መካከል ነው። አረጋውያን ከቤት እንዳይወጡ ሲለፈፍ ልጃቸው የግቢውን በር ቆለፈች፤ ደጃፉ ላይ ባለቧንቧ ባልዲ አስቀመጠች፣ ሳሙናም በላስቲክ አንጠለጠለች። መምሬ የዕለቱን ዳዊት ደግመው ሲጨርሱ ገና ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ የያኔዋን የጤና ሚኒስትር የዶክተር ሊያ ታደሰን ዕለታዊ መግለጫ ይጠብቃሉ፤ ስንት ተመረመረ፣ ስንት ተያዘ። ጎረቤት መጥታ ከአጥር ማዶ ጎንበስ ስትል ከሦስት እርምጃ ርቀት ያማትቡባታል። አንዳንዴ እጃቸው በልማድ ይዘረጋል፤ «አባዬ!» የምትል ድምፅ ከጓዳ ትመልሰዋለች። መስቀሉም ከዕጣን ይልቅ አልኮል መሽተት ጀመረ።

ኀዘኑ የእኛ ብቻ አልነበረም፤ በኢየሩሳሌም የጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን በር እንኳ በዚያው መጋቢት ተዘግቶ ነበር።

ሚያዝያ 9 ስቅለት ሆነ። በሌላው ዓመት ቢሆን ስግደት ያዝዛሉ፣ በወይራ ቅጠልም የምእመኑን ጀርባ ቸብ ቸብ ያደርጋሉ። ያን ዓመት ወይራው የሚያርፍበት ጀርባ አጣ። የሚያዝያ 11ን የትንሣኤ ቅዳሴ ደግሞ ብዙው ምእመን በቴሌቪዥን ሲከታተል፣ መምሬም ጥምጣማቸውን ጠምጥመው ሳሎን ውስጥ ቆሙ። ዲያቆኑ ለጸሎት ተነሡ ሲል ሶፋ ላይ የነበረው የልጅ ልጅ በግልምጫ ተነሣ።

የቀብር አስፈጻሚው ግን ቸኩሎ ኖሯል። የአዋጁ አምስት ወር አልቆ 2013 ዓ.ም. ሲገባ ሟች ታክሲ ተራ ላይ፣ ማስካቸውን አገጭ ሥር አውርደው ግንባር ሲያስነኩ ተገኙ። በጥር፣ ጥምቀት ላይማ፣ ጭራሽ ሃያ ዓመት የቀነሱ ይመስሉ ነበር።

በእውነት የታመሙት ታናሽ እኅታቸው ናቸው፤ የንስሐ አባት የቤት ጉብኝት። መምሬ በየጊዜው የንስሐ ልጆቻቸውን ቤት ይዞሩ ነበር፤ ጸበል ይረጫሉ፣ እንጀራ ባርከው ይቆርሳሉ፣ የተኳረፉ ባልና ሚስት ቢኖሩ ያስታርቃሉ፣ ሦስተኛውን ቡና ሳይጠጡም አይነሡም። በኮሮና ጊዜ በስልክ «ይፍቱኝ» ማለት ተለመደ፤ ቀላል ነበርና በብዙ ቤት እንደዚያው ቀረ። «ለጤናቸው አስበን ነው» ይላሉ ልጆቹ። እነዚሁ ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ የሠርግ አዳራሽ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተው ሲጨፍሩ የመምሬ ጤና ትዝ ሲላቸው አይታይም። ስልኩም ቢሆን ካርድ ሲያልቅ ይቋረጣል፤ ኩርፊያን በስልክ ማስታረቅ ደግሞ መምሬ አልተማሩም።

ስለዚህ የዛሬው ቀብር ተሰርዟል። እዝን ተሸክማችሁ የመጣችሁ እድርተኞች ወደ ቤታችሁ አትመልሱት፤ መምሬ ቤት አድርሱት። በሩ አሁን አይቆለፍም። ባልዲው ግን እዚያው ስላለ እጃችሁን ታጥባችሁ ግቡ፤ ሦስተኛው ቡና ሳይወርድም አትነሡ።